ጠረጴዛ ላይ ይሠራል፣ ኬዙ ውስጥ ይሞታል

ፍኖተ ሰላም ውስጥ፣ ወደ ባሕር ዳር ከሚወስደው አስፋልት ገባ ብላ ያለች ጠባብ የጥገና ቤት። ተነጋጋሪዎቹ ሁለት ናቸው፦ ፀጉሩ ሸበት ያለ የኮምፒውተር ጠጋኝ፣ እና ከቡሬ ወዲያ ባለ የገጠር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አይሲቲ የምታስተምር ወጣት መምህርት። በመካከላቸው ጎኑ የተከፈተ ኬዝ ተጋድሟል።

መምህርቷ፦ አያ፣ ይሄ ኮምፒውተር ሊያሳብደኝ ነው። ማዘርቦርዱን አውጥቼ ካርቶን ላይ ሳስነሳው ዊንዶውስ ድረስ ይገባል። መልሼ ኬዙ ውስጥ ሳስረው ማራገቢያው አንዴ ዞር ይልና ቀጥ ይላል። ራም ቀየርኩለት፤ ፓወር ሰፕላይ ከሌላ ነቅዬ ሰጠሁት፤ ወይ ፍንክች።

ጠጋኙ፦ ታዲያ በሽታውን ራሱ ነግሮሽ የለ? ውጭ የሚሠራ ቦርድ ኬዝ ውስጥ ገብቶ ከሞተ ጥፋቱ የራም አይደለም፤ ያቀማመጥ ነው።

መምህርቷ፦ አቀማመጡማ ጥብቅ ነው። መጀመሪያ የገጠመው ሰው ብሎኑን ያሰረው ካቻቪቴው እስኪያቃስት ነው፤ ስፈታው መዳፌ ተላጠ።

ጠጋኙ፦ ስለ መጥበቁ ማን ጠየቀሽ፣ እታለም። ቦርዱ ስንት ቀዳዳ አለው? ከኬዙ ጋር የሚታሰርበትን ብቻ ቁጠሪ፤ በሲፒዩው ዙሪያ ያሉትን አራቱን ተያቸው።

መምህርቷ፦ ሦስት ላይ፣ ሦስት መሐል፣ ሦስት ታች። ዘጠኝ።

ጠጋኙ፦ ኬዙ ላይ የቆሙት የናስ እግሮችስ?

መምህርቷ፦ እነዚህ ባለ ስድስት ጎን ቢጫዎቹ? እነሱም ዘጠኝ ናቸው። ዘጠኝ ለዘጠኝ፤ ልክ ነው።

ጠጋኙ፦ ቁጥሩ ገጥሟል። አሁን ቦርዱን በቦታው አኑሪና በየቀዳዳው ቁልቁል እዪ። ከእያንዳንዱ ሥር ናስ ይታይሻል?

መምህርቷ፦ እዚህ አለ፤ እዚህም አለ። በራሙ በኩል ጥግ ላይ ያለችው ግን ባዶ ናት፤ የኬዙ ቆርቆሮ ነው የሚታየኝ። እንዴ! ዘጠነኛዋ የት ገባች?

ጠጋኙ፦ ቦርዱን አንሺው። ይቻትልሽ፣ ከታችኛው ረድፍ ከፍ ብላ ለብቻዋ የቆመችው። ይህ ኬዝ ድሮ ትንሽ ቦርድ ይዞ ነበር፤ ማይክሮ ኤቲኤክስ የሚሉትን። እሱ 24.4 በ24.4 ሴንቲ ሜትር ነው። ያንቺ ሙሉ ኤቲኤክስ ነው፤ ቁመቱ 30.5 ይደርሳል። ብዙዎቹ ቀዳዳዎቻቸው አንድ ቦታ ይውላሉ፤ የትንሹ የታች ረድፍ ግን በትልቁ ላይ ቀዳዳ የለውም። ትንሹ ሲነቀል ሌሎቹን እግሮች አዛወሩና ይቺን ረሷት። ትልቁ መጥቶ ተቀመጠባት።

መምህርቷ፦ አንዲት ናስ ተርፋ ብትቆም ምን ታደርገዋለች? መደገፊያ በዛለት እንጂ።

ጠጋኙ፦ ገልብጪና ጀርባውን እዪው። ሁሉ የሾለ የብየዳ ነጥብ ነው፤ አንዱ 12 ቮልት፣ አንዱ 5፣ አንዱ 3.3 ይሸከማል። ናሷ ደግሞ ከኬዙ ብረት ጋር አንድ አካል ናት። ቦርዱ ከብረቱ ስድስት ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ እንዲል የተደረገው ለዚህ ነው። ናስ ቀዳዳ በሌለበት ከቆመች ከነዚያ ነጥቦች አንዱን ትነካና ሾርት ታደርጋለች። ፓወር ሰፕላዩ ሾርቱን እንዳየ ራሱን ያጠፋል። ማራገቢያው አንዴ ዞሮ የሚቆመው ሞቶ አይደለም፤ እምቢ ብሎ ነው።

መምህርቷ፦ አልተዋጠልኝም። ኮምፒውተሩ ከመጣ ጀምሮ ሲሠራ ነው የቆየው። ናሷ ትናንት አልተተከለች።

ጠጋኙ፦ ጣትሽን እዚህ ላይ አሳልፊ። ክብ ጭረት ይሰማሻል? የቦርዱ አረንጓዴ ቀለም ለጌጥ አይደለም፤ መዳቡን የሚሸፍን መከላከያ ነው። ናሷ በዚያ ሽፋን ላይ አርፋ ቆየች። ከዚያ ኮምፒውተሩ ተጫነ፣ ተራገፈ፣ አይሱዙ ላይ ተንገጫገጨ፤ ቀለሙ እየተፋቀ ሄደ። መዳቡ የተገለጠ ቀን አበቃ። ባለቤቱ ግን የሚከሰው ያን ቀን የሆነውን ነገር ነው፤ «መብራት ሄዶ ሲመጣ አቃጠለብኝ» ይላል። መብራቱም ያልሠራውን ኃጢአት ተሸክሞ ይኖራል።

መምህርቷ፦ እሺ፣ ትርፏን ነቀልናት። ጎደሎዋስ? በስምንት ብሎን ከተያዘ አንዷ ብትቀር ቦርዱ አይወድቅም።

ጠጋኙ፦ መውደቁን ማን ፈራ! በዚያ ጥግ ምን አለ? ራም። ራም ስታስገቢ በሁለት አውራ ጣትሽ ተጭነሽ፣ ጆሮዎቹ ቀጭ እስኪሉ ነው። ባለ 24 ፒኑ የፓወር ኬብልም እዚያው ጠርዝ ላይ ነው፤ እሱማ ሲገባም ሲወጣም ትግል ነው። ከሥሩ እግር ከሌለ ያን ሁሉ ግፊት የሚቀበለው ቦርዱ ራሱ ነው። ውፍረቱ ደግሞ 1.6 ሚሊ ሜትር ብቻ። ጎንበስ ይላል፣ ይመለሳል፤ ልብም አትዪው። በቺፖቹ ሆድ ሥር ግን ጥቃቅን የብየዳ ኳሶች ተደርድረዋል። ቦርዱ በጎበጠ ቁጥር የሚሳቡት እነሱ ናቸው።

መምህርቷ፦ እንደ ምጣድ በሉኛ። አንዱ ጉልቻ ዝቅ ካለ ምጣዱ ይሰነጠቃል።

ጠጋኙ፦ ምጣድ ሲሰነጠቅ ትሰሚዋለሽ፤ እንጀራውም ይነግርሻል። ይሄ ድምፅ የለውም። ዛሬ ትሰነጠቅና ከወራት በኋላ፣ ያውም ማሽኑ ሲሞቅ ብቻ፣ ስክሪኑ ሰማያዊ ይሆናል። «ቫይረስ ነው» ተብሎ ዊንዶውስ ይጫናል፤ ደግሞ ይጫናል። ስንቱ ሰው የዊንዶውስ ማስጫኛ እየከፈለ የሚያስታምመው የእግር ጉድለት ነው! የኛ ሙያ ትልቁ ነቀፋ ይሄ ይመስለኛል። ሶፍትዌሩን ሁሉም ያውቃል፤ ኬዙን ከፍቶ እግር የሚቆጥር የለም። ሲኦሲ ያለፉ ልጆች ለልምምድ ይመጡልኛል። የአይፒ አድራሻ ሲያወሩ አፍ ያስከፍታሉ፤ ብሎን ሲያስሩ ግን የበር ማጠፊያ የሚመቱ ነው የሚመስሉት።

መምህርቷ፦ እንግዲያው ዘጠነኛዋን በቦታዋ ተክለን ሁሉንም እናስራቸው። ብሎን በዚህ ጣሳ ውስጥ አለ።

ጠጋኙ፦ ቆይ፣ አትቸኩዪ። ጣሳው ውስጥ ሁለት ዘር አለ። ይቺን ከዚህች ጋር አስተያዪ።

መምህርቷ፦ ይቺ ወፈር ትላለች፤ ጥርሷም ራቅ ራቅ ያለ ነው።

ጠጋኙ፦ እሷ የአሜሪካን ልክ ናት። ባለ 6-32 ይሏታል፤ በአንድ ኢንች ውስጥ 32 ጥርስ አላት፤ ውፍረቷ 3.5 ሚሊ ሜትር ነው። ቀጭኗ ኤም 3 ናት፤ 3 ሚሊ ሜትር፣ በየግማሽ ሚሊ ሜትሩ አንድ ጥርስ። የሲዲ ማጫወቻው የሚታሰረው በቀጭኗ ነው። የቦርዱ እግሮች እንደየኬዙ ይለያያሉ፤ አብዛኞቹ ግን የወፍራሟ ቤቶች ናቸው። ቀጭኗን ወፍራሟ ቤት ብትከቻት ትዞራለች እንጂ አትይዝም፤ መንገድ ላይ ወጥታ ቦርዱ ላይ ትንከባለላለች። ወፍራሟን ቀጭኗ ቤት በጉልበት ብትገፊያት ደግሞ ጥቂት ገብታ ትነክሳለች። ናስ ለስላሳ ነው፤ ጥርሱ ይበላል። ኋላ ልትፈቺ ስትዪ ብሎኑና እግሩ አብረው ይዞራሉ፤ እግሩን በፒንሳ እንዳትይዢው ከቦርዱ ሥር ነው። ይሄኛው ኬዝ ላይ ሁለቱ የወጡት እንደዚያ አብረው ነው፤ ያ ካቻቪቴውን ያስቃሰተው ሰውዬ ሥራ።

መምህርቷ፦ ታዲያ በምን ልለያቸው? ሁልጊዜ ሚሊ ሜትር ልለካ?

ጠጋኙ፦ በጣትሽ። ካቻቪቴ ከማንሳትሽ በፊት ብሎኗን በጣትሽ ያዢና መጀመሪያ ወደ ግራ፣ ወደ መፍቻው በኩል ቀስ ብለሽ አዙሪያት። ጥርስ ከጥርስ ሲገናኝ ጠቅ ስትል ይሰማሻል። ከዚያ ወደ ቀኝ። ሁለት ሦስት ዙር ያለ ትግል ከገባች የቤቷ ናት። ከታገለችሽ አውጪያት። ጭንቅላቷ ቦርዱን ከነካ በኋላ ሩብ ዙር ይበቃታል።

መምህርቷ፦ ሩብ ዙር? የኛን ኮረኮንች ያውቁታል አያ? እኛ ጋ እስኪደርስ እንኳን ብሎን ጥርስ ይወልቃል።

ጠጋኙ፦ ዘጠኙም እኩል ከያዙ አይላላም። የሚላላው አንዷ ተጠርቃ ሌሎቹ ዳር ዳር ሲሉ ነው። ለዚህ ነው ሁሉንም በጣት አስገብተሽ ካበቃሽ በኋላ በሰያፍ የምታጠብቂያቸው፤ ይህን ጥግ፣ ከዚያ የማዶውን ጥግ። አንዱን ጥግ ቀድመሽ ጥርቅም ካደረግሽው ቦርዱ ይሸሽና የሌሎቹ ቀዳዳ ከእግራቸው ጋር አይተያይም። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ይቺ የኋላ መሸፈኛ ቆርቆሮ አለች።

መምህርቷ፦ እሷንማ ብዙ ጊዜ እተዋታለሁ። ለማማር ነው እንጂ ምን ትሠራለች?

ጠጋኙ፦ እንዳትተያት። ከኬዙ ኋላ ያለው መስኮት 15.9 በ4.4 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ክፍት ከተውሽው ለአይጥ በር ነው። ይልቅስ እነዚህን ቀጫጭን ምላሶች እዪያቸው። ቦርዱን ስትገፊ አንዷ ታጥፋ ኔትወርክ ሶኬቱ ውስጥ ወይ ዩኤስቢው ውስጥ ትገባለች። ኬብሉ አልገባም ሲልሽ ነው የሚታወቅሽ። ምላሶቹ ቦርዱን ወደፊት ስለሚገፉት ቀዳዳዎቹ ከእግሮቹ በትንሹ ይስታሉ፤ በመዳፍሽ ወደ ኋላ ደገፍ አድርገሽ ይዘሽ የመጀመሪያዋን ብሎን አስገቢ። ያኔ ሌሎቹ ራሳቸው ይመጣሉ።

መምህርቷ፦ ይህን ሁሉ ዩቲዩብ ላይ አላየሁትም። እርግጥ በ2015 ክረምት በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔቱ ከተቋረጠ በኋላ ማየቱም ቀርቶ ነበር።

ጠጋኙ፦ ቪዲዮው የሚያሳይሽ አዲስ ቦርድ በአዲስ ኬዝ ነው፤ እግሮቹ ከፋብሪካ ተተክለው የመጡ፣ ብሎኑ በላስቲክ ተቆጥሮ የተሰጠ። የኛ ኬዝ የአንድ መሥሪያ ቤት ነው፣ ቦርዱ የሌላ፣ ብሎኑ የጣሳ። ለኛ የሚሆን ቪዲዮ ማንም አልቀረጸም።

መምህርቷ፦ እኔን የሚገርመኝ ግን ከየትም የተለቃቀመው መግጠሙ ነው።

ጠጋኙ፦ እሱ የኢንቴል ውለታ ነው። በ1995 እ.ኤ.አ. ኤቲኤክስ የሚባለውን ልክ አወጣ፤ ቀዳዳው የት እንደሚበሳ፣ የኋላው መስኮት ስንት በስንት እንደሚሆን ተወሰነ። በኛ 1987 እና 88 መሆኑ ነው፤ አንቺ አልተወለድሽም። ያን ጊዜ የተሠራ ኬዝ ዛሬ ከፋብሪካ የወጣ ኤቲኤክስ ቦርድ ይይዛል። ሲፒዩው ስንት ጊዜ ተለወጠ፣ ራሙ ስንት ጊዜ ተለወጠ፤ ቀዳዳው ግን ካለበት አልተነቃነቀም።

መምህርቷ፦ እንግዲያስ እኛ ጋ ቦርዳቸው የሞተ ጥቋቁር ዴሎች አሉ። በኬዞቻቸው ልጠቀም?

ጠጋኙ፦ ሞዴላቸው?

መምህርቷ፦ ኦፕቲፕሌክስ 745።

ጠጋኙ፦ እነሱ ላይ አትድከሚ። ኢንቴል ራሱ በ2004 እ.ኤ.አ. ገደማ ቢቲኤክስ የሚባል ሌላ ልክ አምጥቶ ነበር። አየሩ ሲፒዩው ላይ ቀጥ ብሎ እንዲነፍስ ተብሎ የቦርዱ አሰላለፍ ዞረ፤ ቀዳዳውም፣ መስኮቱም ተለወጠ። በ2006 እ.ኤ.አ. ኢንቴል ተወው፤ ዴል 745 እና 755 ላይ ግን ያንኑ ተከትሏል። ኤቲኤክስ አይገባባቸውም። ድሪል ይዞ አዲስ ቀዳዳ የሚበሳ ደፋር አይጠፋም፤ የብረቱ ብናኝ ቦርዱ ውስጥ ሲገባ ግን ከዚች ናስ የባሰ ነው፤ ይቺንስ ቢያንስ አገኘናት። ከነሱ ሃርድ ዲስኩን፣ ራሙን፣ ብሎኑን ውሰጂ። ብሎኑን በተለይ። ለየብቻ ጣሳ አድርጊላቸው።

መምህርቷ፦ ማራገቢያውንስ? አንዳንዶቹ አቧራ በልቷቸዋል።

ጠጋኙ፦ ከናንተ አካባቢ የሚመጣውን ብሎወር ሳስነሳበት አፌን በሻሽ አስሬ ነው። ባለፈው ከቡሬ አንድ የፎቶ ኮፒ ቤት ኮምፒውተር መጣልኝ፤ ለካ ጎረቤቱ የበርበሬ ወፍጮ ነው። አንዴ ስነፋው እኔም፣ ልጁም፣ ደጅ ላይ የቆመው ባለባጃጅም አብረን አነጠስን። የቡሬ በርበሬ በማራገቢያ ምላጭ ላይ ተለጥፎም ኃይሉን አይለቅም።

መምህርቷ፦ (እየሳቀች) እሱን ለማጠብ ማቀዝቀዣውን ማውጣት አለብኛ።

ጠጋኙ፦ ታወጪዋለሽ፤ ስትመልሺው ግን ተጠንቀቂ። እነዚህ አራት የፕላስቲክ ካስማዎች ቦርዱን ወደ ራሳቸው ይስቡታል። አንዱን ጎን ሁለቱንም ተጭነሽ ወደ ሌላው ጎን ከሄድሽ ሦስተኛውና አራተኛው እምቢ ይሉና ቦርዱን ታጎብጪዋለሽ። በሰያፍ፣ እንደ ብሎኖቹ። አራቱም ከቦርዱ ጀርባ ጫፋቸው መውጣቱን እዪ፤ ለዚህ ነው ቦርዱ ኬዝ ሳይገባ ማቀዝቀዣውን መግጠም የሚሻለው። ደግሞ ከባድ ነው። ለ775 ሶኬት ኢንቴል የፈቀደው ክብደት እስከ 450 ግራም ነው፤ ከዚያ በላይ ቦርዱ አይችለውም ብሎ። ኬዙ ቆሞ ሲጫን ያ ብረት ከግድግዳ ላይ እንደወጣ ሆኖ ተንጠልጥሎ ይሄዳል። መኪናው በዘለለ ቁጥር ቦርዱን ይጎትተዋል።

መምህርቷ፦ ስለዚህ አጋድሜ ልጫነው?

ጠጋኙ፦ ቦርዱ የታሰረበት ጎን ወደ ታች። ያኔ ማቀዝቀዣው ቦርዱ ላይ ይቀመጣል እንጂ አይንጠለጠልም፤ ክብደቱም በእግሮቹ በኩል ወደ ኬዙ ይወርዳል። ረዳቱ «አቁሚውና ቦታ አይያዝ» ይልሻል፤ እንዳትሰሚው። ከሥሩ ፍራሽ ወይ ጋቢ አድርጊ። ከላዩ ደግሞ ጆንያ እንዳይጭኑበት።

መምህርቷ፦ አንድ ነገር ልጠይቅዎና ልሂድ። የኛ ቤተ ሙከራ ውስጥ ልጆቹ ኬዙን ሲነኩ ይነዝራቸዋል። አንዱ የሥራ ባልደረባዬ «ቦርዱ ከብረቱ ጋር ስለተነካካ ነው» ብሎ ለየብሎኑ የካርቶን ቀለበት ቆርጦ አዘጋጅቷል። ይህንንም ሳስር ልጨምርለት?

ጠጋኙ፦ ካርቶኑን ለምድጃ አድርጉት። ቀዳዳዋን እዪያት፤ ዙሪያዋ ብርማ ቀለበት አለ። ያ ቀለበት ከቦርዱ መሬት መስመር ጋር የተገናኘ ነው፤ ብሎኗ፣ ናሷና ኬዙ እንዲነካኩ ታስቦ የተሠራ ነው። ቀዳዳ ባለበት ብረት ለብረት መነካካቱ ደህና ነው፤ ጥፋቱ ቀዳዳ በሌለበት ነው።

መምህርቷ፦ ታዲያ መንዘሩ ከየት መጣ?

ጠጋኙ፦ ከፓወር ሰፕላዩ። መግቢያው ላይ ረብሻ የሚያጣሩ ሁለት ትንንሽ ካፓሲተሮች አሉ፤ አንዱ ከአንደኛው ሽቦ፣ አንዱ ከሌላው ወደ ብረቱ ሳጥን የተገናኙ። መሬት ያለው ሶኬት ላይ ከሰካሽው የሚያሾልኩት ወደ መሬት ይወርዳል፤ ምንም አይሰማሽም። ሶኬቱ መሬት ከሌለው የሚሄድበት ያጣና ኬዙ የ220ውን ግማሽ፣ 110 ቮልት ያህል ይዞ ይቀመጣል። መጠኑ ኢምንት ነው፤ ካንድ ሚሊ አምፔር በታች ነው። ግን ናንተ ስንት ኮምፒውተር በአንድ ዲቫይደር ትሰካላችሁ?

መምህርቷ፦ ዲቫይደሩን በዲቫይደር እያስቀጠልን ረድፉን ሙሉ።

ጠጋኙ፦ የሁሉም ይደመራል። የልጆቹ ጣት የሚቀምሰው የረድፉን ድምር ነው። ቦርዱን ካርቶን ብታለብሺው ምን ይጠቅማል? ፓወር ሰፕላዩ ራሱ በአራት ብሎን ከኬዙ ጋር ታስሯል። ነዘረ ብለሽ የቦርዱን ብሎን ማላላት ጭራሽ አይታሰብ። መንዘሩ ከበረታ፣ ወይ አንዱ ኮምፒውተር ብቻ ተለይቶ ከነዘረ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ነቅለሽ በቴስተር ይታይ።

መምህርቷ፦ መድኃኒቱስ?

ጠጋኙ፦ መሬት። ከክፍሉ ውጭ የመዳብ ዘንግ እርጥብ አፈር ውስጥ ይቀበራል፤ ከዘንጉ የሚነሳው ሽቦ እያንዳንዱ ሶኬት ሦስተኛ ጥርስ ድረስ ይደርሳል፤ ዲቫይደሮቹም ባለ መሬት ይሆናሉ። የኤሌክትሪሺያን ሥራ ነው፤ የኔም ያንቺም አይደለም። ከኮምፒውተሮቹ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ወጪው ምንም አይደለም።

መምህርቷ፦ ወጪ የሚለውን ቃል ርዕሰ መምህራችን ሲሰሙ ነው እኮ ችግሩ። «ኮምፒውተሩ እየሠራ አይደል እንዴ?» ነው የሚሉኝ። ምን ብዬ ላሳምናቸው?

ጠጋኙ፦ ምንም አትበያቸው። ረድፉን ሙሉ አብሪና ኬዙን በእጃቸው ጀርባ ይንኩት።